የነዕማት ፊት በመሃል ገጽ

በመጽሔታችን ቤት ሐሙስ ጠዋት ልማድ አለ። ዋና አዘጋጃችን ኡስታዝ ነጊብ ሊታተም የተሰናዳ ጥንድ ገጽ ግድግዳ ላይ ይለጥፉና «ኢንሺራህ፣ አንብቢልን» ይሉኛል። ማንበብ ማለት ጽሑፉን አይደለም፤ ዓይን በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ መናገር ነው። ካይሮ ውስጥ ስለ ዘፈንና ዘፋኞች በሚጻፍ መጽሔት አስራ ዘጠኝ ዓመት ገጽ ስሠራ ይህን የሚቀማኝ አልነበረም።

በዚያ ሐሙስ የተለጠፈው ለመጽሔቱ መሃል የተሰናዳ የሩቀያ ሥራ ነበር፤ ከመጣች ዓመት ያልሞላት ልጅ። ኡስታዝ ነጊብ ደግሞ ይህ እትም እንደወጣ የንድፍ ክፍል ኃላፊ እንደሚሾሙ ተናግረዋል። ወንበሩን በሆዴ ከያዝኩት ቆይቻለሁ።

አየሁት። የዘፋኟ የነዕማት ፊት ግማሹ ቀኝ፣ ግማሹ ግራ ሆኖ ሁለቱን ገጽ ይዞታል። ርዕሱ ትንሽ ሆኖ፣ እንደ ዐረብኛ ጽሑፍ ሁሉ፣ ከቀኝ ጥግ ይጀምራል፤ ዓይን ከዚያ ይነሳና በያዘችው ክራር መሰል ዑድ አንገት ተንሸራቶ ግራ ታች ወዳለው ጽሑፍ ይወርዳል። የቀረው ባዶ ጥቁር ነው። እኔ ባዶ ቦታ እፈራለሁ፤ አበባ እደነቅርበታለሁ። እሷ አልፈራችም። አንጀቴ አረረ።

«ርዕሱ አነሰ» አልኩ።

«አንሶም እኮ መጀመሪያ ያየሽው እሱን ነው» አሉ ኡስታዝ ነጊብ። ሰዉ ሳቀ።

ሩቀያ አልሳቀችም። ስንወጣ ተከትላኝ፣ ርዕሱን ላሳድገው ወይ ብላ ከልቧ ጠየቀችኝ። ትሕትናዋ ይብስ አቃጠለኝ።

ማክሰኞ ማተሚያ ቤቱ ሲደውል ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የመሃሉን ጥንድ ገጽ የሳሙና ማስታወቂያ ስለወሰደው ነዕማት ወደ ገጽ አስር ትዛወራለች አሉኝ። የመጽሔት መሃል አንድ ወረቀት ስለሆነ ፊት ቢያርፍበት አይሰበርም። ገጽ አስርና አስራ አንድ ግን ለየብቻ የሚታተሙ ሁለት ወረቀቶች ናቸው፤ ሲገጣጠሙ አንዱ ካንዱ ዝቅ ይላል። ሩቀያ ይህን አውቃ ፊቱን አራት ጣት ወደ ቀኝ ብትገፋው እጥፋቱ ጉንጯ ላይ ያርፍና ማንም ልብ አይለውም ነበር። «እሺ» ብዬ ዘጋሁ። ሩቀያ ጎኔ ተቀምጣ ፉል በዳቦ ትበላ ነበር፤ ቆርሳ ሰጠችኝ። በላሁ።

እትሙ ቅዳሜ ወጣ። የነዕማት አንድ ዓይን ወርዷል፣ አፍንጫዋን እጥፋቱ ውጦታል። መጽሔት ሻጩ ሳይቀር «ነዕማትን ንፋስ መታት እንዴ?» ብሎ ተሳለቀ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። የቢሯችንን ደረጃ እንደ ልጅ ሮጬ ወጣሁት።

ሩቀያ ዓይኗ አብጦ መጽሔቱን ይዛ ቆማለች። የሠሪው ስም ግርጌ ላይ የሚገባው በመጨረሻ ስለሆነ ግድግዳው ላይ አላየሁትም ነበር። «ንድፍ፦ ኢንሺራህና ሩቀያ» ይላል።

«አብላ፣ ታላቅ እህቴ፣ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ ብዬ ስምሽን አስቀደምኩት» አለች። «ኡስታዝ አሁን ኃላፊ ከውጭ አመጣለሁ ብለዋል። የስንት ዓመት ስምሽን በአንድ ቀን አበላሸሁብሽ። ይቅር በይኝ።»

ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ።

«አይዞሽ፣ የማተሚያ ቤቱ ጥፋት ነው» አልኳት።

ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችው።