አምስቱ ክዳኖች

«ፎጣው ሥር ያለው ምንድን ነው?» አለች ማክሲን፣ በወረቀት ኩባያ ያመጣችውን ቡና ለቨርና እያቀበለች።

«የኦርቪል መርከብ ናት» አለች ቨርና።

ማክሲን በመጠየቋ ተጸጽታ ቡናዋን ፉት አለች። ባሏ ሎይድ በሩ ላይ እንደቆመ ቀርቷል። የመዝናኛ መርከቡ ክፍል ለሦስት ሰው ትጠባለች፤ ሁለቱ ከተቀመጡ አንዱ መቆም አለበት። አልጋው ባዶ ቢሆንም ማንም ሊቀመጥበት አልደፈረም። የቨርና ባል ኦርቪል ትናንት ጠዋት፣ ሰኞ፣ የሞተው እዚያው አልጋ ጫፍ ላይ፣ አንድ እግሩን ካልሲ አድርጎ ሌላውን ሳያደርግ ነው።

አሁን ታች ነው። ከሠራተኞቹ መኝታ ሥር ቀዝቃዛ ክፍል አለ። አብዛኛው ተሳፋሪው ጡረተኛ የሆነ የመዝናኛ መርከብ ያለዚያ ክፍል ከወደብ አይነቃነቅም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም። የመርከቡ አዛዥ ራሱ መጥቶ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ «ነገ ኩራሳኦ ደሴት እንደርሳለን። ከፈለጉ እዚያ አውርደን ሁለታችሁንም በአውሮፕላን እንልካችኋለን» ብሏት ነበር። ቨርና «ከሱ ጋር መጣሁ፣ ከሱ ጋር እመለሳለሁ» አለችው። መርከቡ ወደ መነሻው ወደብ፣ ፎርት ላውደርዴል፣ የሚገባው እሑድ ነው። እስከዚያ ድረስ ባሏ ስምንት ፎቅ ከእግሯ ሥር ይተኛል፣ እሷ ከላይ ሐዘን ትቀመጣለች።

የሰው አፍ ደግሞ አያርፍም። ቁርስ ሰልፍ ላይ «ባሏን ፍሪጅ ከትታ ሽርሽሯን ቀጠለች» ተብሏል። ማክሲን በገዛ ጆሮዋ ሰምታ፣ ተናጋሪዋን እዚያው እንቁላል መጥበሻው ፊት አሳፍራ መልሳታለች። ለቨርና ግን ትንፍሽ አላለችም።

«አገራችን ሚኒሶታ ብንሆን ኖሮ ድስት ሙሉ ምግብ ተሸክሜ ነበር የምመጣው» አለች፣ በሶፍት የጠቀለለችውን ኬክ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። «እዚህ ምን ላድርግ? ምግቡ የሁሉም ነው።»

«እግዜር ይስጥሽ።»

ሎይድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቨርና፣ ውድድሩ ቅዳሜ ነው። የኦርቪል ስም አሁንም ዝርዝሩ ላይ አለ። ከፈቀድሽልኝ እኔ በሱ ፋንታ መርከቧን ገንዳው ላይ…»

«አይሆንም።»

«ዘጠኝ ዓመት እኮ…»

«አይሆንም አልኩህ፣ ሎይድ!»

ሁለቱም ደነገጡ። በነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ቨርና ስትጮህ ሰምተው አያውቁም። በሷም በራሱም ፋንታ የሚጮኸው ኦርቪል ነበር።

ውድድሩ ላላየው ሰው የልጅ ጨዋታ ነው። በየዓመቱ ክረምት፣ በዚሁ የአሥራ አራት ቀን ጉዞ፣ ተሳፋሪዎች በመርከቡ ላይ ካገኙት ነገር ብቻ ትንንሽ መርከብ ይሠራሉ። ለውድድሩ ተብሎ ከቤት የመጣ ነገር ክልክል ነው። ጉዞው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው መዋኛ ገንዳው ላይ ያንሳፍፏቸዋል፤ እያንዳንዷ ስድስት ጣሳ ለስላሳ መሸከም አለባት፤ ሁለት አስተናጋጆች በትሪ ውሃውን እየገፉ ማዕበል ያስነሳሉ። የሰጠመ ሰጠመ። ያልሰጠመውም ቢሆን ማታውን ቆሻሻ መጣያ ይገባል።

ለኦርቪል ግን የሞት ሽረት ነበር። ዱሉዝ ወደብ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት የብረት ማዕድን ሲያስጭን የኖረ፣ መርከብ ስንት እንደሚችል በዓይኑ የሚለካ ሰው ነው። እንዲያም ሆኖ ስምንት ጊዜ በተከታታይ ሎይድ አሸነፈው። ሎይድ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። «ጥርስ ነቃይ! ለጥርስ ነቃይ እጅ ልስጥ?» እያለ አንድ ዓመት የሁለተኝነቱን የወረቀት ሜዳሊያ ባሕር ወርውሮታል፤ ሁለት ቀን ሙሉ እራት ላይ አላናገራቸውም። ክፉ አልነበረም፣ አስቸጋሪ ነበር። ከእልሁም በላይ ያስቸገረው ጣቱ ነው። የዱሉዝ ብርድ አንጓዎቹን ጠምዝዞ አስቀርቷቸዋል።

ቨርና የዚህ ሁሉ ሌባ ነበረች። ከቁርስ ቤት ስቴኪኒ፣ ከመጠጥ ቤት ስትሮ፣ ካርቶን እንዳይርስ የሚቀባ ትንንሽ ቅቤ በቦርሳዋ እየደበቀች ታመጣለች። መርከቧን መንካት ግን አይፈቀድላትም። ሐሳብ ስታቀርብ «ይሄ የወደብ ሥራ ነው፣ አለቃ» ይላታል። «አለቃ» የሚላት ለማሾፍ ነው፤ ከጊዜ ብዛት ስሟ ሆኖ ቀረ።

አለቃነቷ የሚታየው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ብቻ ነበር። ኦርቪል አምስት ዓይነት ክኒን ይወስዳል፤ ብልቃጦቹ ደግሞ ሕፃን እንዳይከፍታቸው ክዳናቸው ተጭኖ ነው የሚዞረው። «ሕፃን እንዳይከፍተው ብለው ሽማግሌም እንዳይከፍተው አደረጉት» ይላል ጣቶቹን እያየ። ስለዚህ ቨርና በየጠዋቱ ከእንቅልፏ ተነስታ በመዳፏ ተጭና ታዞራለች። አምስት ጊዜ። ከዚያ «ይኸው፣ ተከፈተ» ትላለች፤ እሱም «እግዜር ይስጥሽ፣ አለቃ» ይላታል። አንዳንድ ቀን እስከ ማታ ሌላ ቃል አይለዋወጡም። እሷ ግን ከዚህ በላይ አልጠየቀችም።

ረቡዕ የመርከቡ ሐኪም መጣች። ወጣት ናት፤ ወንበሩ ላይ ሳትደገፍ ተቀመጠች።

«ማዳም፣ ባለፈው የጠየቅሁዎት የባለቤትዎ መድኃኒቶች ተገኙ? ብልቃጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለሪፖርቴ እፈልገዋለሁ።»

«የት እንዳደረጋቸው አላውቅም።»

«በሥርዓቱ ይወስድ ነበር?»

«ይወስድ ነበር።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሐኪሟ ስትናገር ጉልበቷ ፎጣ የለበሰችውን መርከብ ሊነካ ትንሽ ነበር የቀረው። ከሰዓት በኋላ የቨርና ልጅ ጃኔል ከሚኒያፖሊስ ደውላ እያለቀሰች ያንኑ ጠየቀቻት፤ «እማዬ፣ ክኒኑን ይወስድ ነበር አይደል?» ቨርና ለልጇም «ይወስድ ነበር» አለቻት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ እጇን ታጠበች፣ ደግማም ታጠበች።

ሐሙስ ኬቱት አንኳኳ። የክፍላቸው አስተናጋጅ ነው፣ የባሊ ሰው። በየቀኑ ፎጣውን አንዴ ዝሆን፣ አንዴ ዝንጀሮ አድርጎ አጣጥፎ አልጋው ላይ ያስቀምጥ ነበር፤ ከሰኞ ወዲህ ግን ዝርግ አድርጎ ብቻ ነው የሚያኖረው። አሁን በሁለት እጁ፣ በሶፍት የተከደነ ነጭ ኩባያ ይዟል።

«ሰኞ ዕለት መታጠቢያ ቤቱን ሳጸዳ አገኘሁት፣ ማዳም። መጣሉን ፈራሁ። ለአለቆቼ መስጠቱንም ፈራሁ። የርስዎ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«ደግ አደረግህ። ሂድ በቃ፣ ልጄ።»

ኩባያው ውስጥ አምስቱም ዓይነት ክኒን ተደባልቋል። ቨርና መነጽሯን አድርጋ አልጋው ላይ ዘረገፈችው። የልብ ምት የሚያረጋጋውና ከሰውነት ውሃ የሚያስወጣው ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ክብ፣ ሁለቱም ደቃቃ ናቸው፤ የሚለያቸው የልቡ መሐሉ ላይ ያለው ቀጭን መስመር ብቻ ነው። የውሃው በቀን ሁለት ይወሰዳል። የልቡ አንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ልብን ራሱን ያቆማል። የልቡ ክኒን ከማክሰኞ እስከ እሑድ ለስድስት ቀን መድረስ ነበረበት፤ ኩባያው ውስጥ የተረፈው ሁለት ነው። የውሃው ግን ተትረፍርፏል። አራት ጠዋት ሙሉ፣ መነጽር የሌለው ሽማግሌ፣ አንዱን በሌላው ቦታ ውጧል።

ቨርና አንድ በአንድ ወደ ኩባያው መለሰቻቸው። ኩባያ ውስጥ ያስገባቸው የእሷ ሐሳብ ነው።

ያለፈው ሳምንት ሐሙስ ነበር። ዘንድሮ ምግብ ቤቱ ወይኑን ሁሉ የሚዞር ክዳን ባለው ጠርሙስ ቀይሮ ጠበቃቸው፤ ቡሽ የሚባል ነገር መርከቡ ላይ ጠፋ። ኦርቪል ያለ ቡሽ መርከቧን የሚያንሳፍፍበት አጥቶ ካርቶኑን ታቅፎ አኮረፈ። «ተወው እንግዲህ። ጥርስ ነቃዩ ይውሰደው» አለ። ቨርና መድኃኒቶቹን ወደ መሳቢያ እየመለሰች ነበር፤ አንዱን ብልቃጥ በእጇ እንደያዘች ቆመች።

«እነዚህስ?»

«ምን እነዚህስ?»

«ውሃ አያስገቡም። ቀላል ናቸው። መርከቡ ላይ ደግሞ አሉ።»

ኦርቪል ብልቃጡን ነጠቃት። መታጠቢያውን ውሃ ሞልቶ ወደ ታች ደፈቀው፤ ተፈናጥሮ ወጣ። ደግሞ ደፈቀው፤ ደግሞ ወጣ። ከዚያ ያ ጎርባጣ ሰውዬ ጮክ ብሎ ሳቀ።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ጭንቅላት ደብቀሽኝ ነው?»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠይቀኸኝ ነው?»

ግንባሯን ሳማት። የመርከቧ ስም «ቨርና» ይሁን አለ፤ በጥፍር ቀለሟም ራሷ እንድትጽፍ ፈቀደላት። ለመጀመሪያ ጊዜ መርከብ ነካች። «ክኒኖቹስ?» አለችው ፊደሉን እየጻፈች። «ኩባያ ውስጥ። እንዲያውም ይሻላል፤ በየጠዋቱ አልቀሰቅስሽም፣ ትተኛለሽ።» እውነትም ተኛች። ከስንት ዓመት በኋላ እስከ ሦስት ሰዓት ተኛች፣ ደስም አላት። አራት ጠዋት ደስ ብሏት ተኛች። ሰኞ ስትነቃ አልጋው ጫፍ ላይ ካልሲውን እንደያዘ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ቨርና መርከቧን በፎጣ ጠቅልላ ከመርከቡ ኋላ ወዳለው ሰገነት ወጣች። ባሕር ልትጥላት ነው። ሆድ ይፍጀው፤ የሞተውን አይመልስ፣ ለጃኔልም ሌላ ሐዘን መጨመር ነው። የብረት መከታውን ተደግፋ እንደቆመች ሎይድ ከጎኗ ደረሰ። ጥቅሉን አየ፣ ነገሩ ገባው፣ ግን አልነካትም።

«የኔ ልብ የተነካው በምን እንደሆነ ልንገርሽ?» አለ ባሕሩን እያየ። «እሑድ ዕለት በየጠረጴዛው እየዞረ ጉራውን ሲነዛ ነበር። ‹ዘንድሮ እኔ አይደለሁም የማሸንፍህ፣ አለቃዬ ናት። ሐሳቡ የሷ ነው› አለኝ። ምን እንደሆነ ብጠይቀው ‹ቅዳሜ ታየዋለህ› ብሎ ሄደ። ኦርቪል ሰው ሲያመሰግን ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ቨርና ጥቅሉን ደረቷ ላይ ያዘች። እንባዋ ከሰኞ ወዲህ ገና አሁን መጣ፤ አልጠረገችውም።

«እንዳለው ታየዋለህ» አለች። «ነገ አንተ አስቀምጣት።»

ቅዳሜ ገንዳው ዙሪያ ሰው ሞላ። ቨርና ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ተቀመጠች፤ ማክሲን እጇን ይዛታለች። ሐኪሟም ነጭ ልብሷን እንደለበሰች ከሰው መሐል ቆማለች። የሎይድ መርከብ ውብ ናት፣ የሐር መሐረብ ሸራ አላት፤ አራተኛዋ ጣሳ ላይ ዘመም ብላ ሰጠመች። ሎይድ አልተከፋም። ከዚያ «ቨርና»ን በሁለት እጁ ውሃው ላይ አኖራት። ጫማ ማስቀመጫ ካርቶን ነው የምትመስለው፣ አስቀያሚ ናት። ስድስቱን ጣሳ ቻለች። አስተናጋጆቹ በትሪ ማዕበል አስነሱ፤ ወደቀች፣ ተነሳች፣ ቻለች። የውድድሩ አጫዋች ሰባተኛ ጣሳ ጨመረ። ስምንተኛ።

«ቨርና! ቨርና! ቨርና!» አለ ሰው ሁሉ እያጨበጨበ።

ቨርና ጫማዋን አወለቀች። ማክሲን «የት ነው?» ስትል እሷ ደረጃውን ወርዳለች፤ ውሃው ቀሚሷን ይዞ ወገቧ ደረሰ። ጭብጨባው ቀስ በቀስ ሞተ። ጣሳዎቹን አንድ በአንድ አንስታ ገንዳው ጠርዝ ላይ ደረደረች። መርከቧን ገለበጠቻት። ኦርቪል በዚያ በማይታዘዝ ጣቱ ያጣበቀውን ፕላስተር ላጠችው፣ ቅቤ የጠጣውን ካርቶን ቀደደችው። አምስቱ ብርቱካናማ ብልቃጦች ጎን ለጎን ተኝተው ታዩ፤ የሁሉም ወረቀት ላይ የኦርቪል ስም አለ።

«የጠየቅሽኝ እነዚህ ናቸው» አለች ሐኪሟን። «ክኒኖቹን ኩባያ ውስጥ ቀላቀላቸው። ተምታቱበት። በብልቃጥ ሥራት ያልኩት እኔ ነኝ። ለልጄም ዛሬ እደውልላታለሁ።»

ሐኪሟ ጠርዙ ላይ ተንበርክካ እጇን ዘረጋች። ቨርና አልሰጠቻትም። የመጀመሪያውን ክዳን በመዳፏ ተጫነችውና አዞረችው። ውሃው እየተንቦቀቦቀ ገባ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። መርከቧ በአንድ ጎኗ ከበደች። አራተኛውን። ሎይድ ባርኔጣውን አወለቀ። አምስተኛው ትንሽ አስቸገራት፤ በጥርሷ ከንፈሯን ነክሳ ተጫነችው።

ካርቶኑ ቀስ ብሎ ወረደ፣ በጥፍር ቀለም የተጻፈው ስምም ተከትሎ ወረደ።

«ይኸው፣ ተከፈተ» አለች ቨርና።

ክዳኑን በተዘረጋ መዳፏ ይዛ፣ እንደየጠዋቱ፣ የኦርቪልን መልስ ጠበቀች።