በፈረስ ጭራ የመጣ መርዝ

ብርቅዬን የኮልፌ ገበያ የሚያውቃት በምላሷ ነው፤ ቆጮዋን የናቀ ገዢ ራሱ ተንቆ ነው የሚመለሰው። የዚያን ዕለት ግን፣ ጣሊያኑ ሐኪም እግሯን ይዞ ተረከዟን በማጉያ መስታወት ሲያይ፣ ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቆ ቀረ። መጀመሪያ የኑግ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ነበረች። በአንድ ክረምት አብጣ ባቄላ አከለች።

ሐኪሙ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው አጉተመተመ። ከተናገረው ሁሉ ጆሮዋ የያዘው አንድ ቃል ብቻ ነው። «ፎርሴ» አለ፤ ደገመና «ፎርሴ»።

እሷ «ፈረስ» ብላ ሰማችው። ይህ ሰው የፈረሱን ነገር በምን አወቀ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈሩ መድኃኒት አዋቂ አቶ ጉታ፣ ኪንታሮት ነው ብለው ከዳማ ፈረሳቸው ጭራ ፀጉር መዝዘው እብጠቱን አስረውላት ነበር። አልረግፍ ሲል ያንኑ ፀጉር ፈትተው፣ የሰባት ዓመት ልጇ ፀዳለ አውራ ጣት ላይ የበቀለውን ኪንታሮት አሰሩበት። የልጅቱ ረገፈ።

«ምን አለ?» ብላ አስተርጓሚውን ኃይለመስቀልን ጠየቀችው።

ኃይለመስቀል ጣሊያንኛውን የለቃቀመው ከአንድ መኮንን ወጥ ቤት ነው፤ በሽንኩርት ጉዳይ የሚያህለው የለም። ሐኪሙ «ቪሩስ» ያለው ላይ ሲደርስ ግን ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ።

«መርዝ ነው ይላል» አለ። «ከሰው ወደ ሰው ይጋባ እንደሆነ እንጃ። ሰኞ ይምጡና ተቆርጦ ይወጣል።»

መርዝ! ባሏ ዱባለ ከማይጨው የተመለሰው አውሮፕላን ባዘነበው መርዝ ጀርባው ተልጦ ነው። እየጮኸ ሞተ። ብርቅዬ ከዚያ ሌላ መርዝ አታውቅም።

እያነከሰች ቤቷ ደረሰች። ስለ ራሷ አልነበረም የምትፈራው፤ ልጄን በገዛ እጄ ገደልኳት ብላ ነው። የልጅቱን ጣት ስታገላብጥ፣ ኪንታሮቱ የረገፈበት ቦታ ላይ የጉንዳን ራስ የምታህል ጥቁር ነገር አየች። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ጥላሸት ይሁን የደረቀ ደም፣ ፍርሃት መቼ አጥቦ ያያል። ማጭዱን ከፍሙ ከተተችው።

«ነይ ልጄ፣ ጣትሽን አሳዪኝ» አለቻት። ፀዳለ እየሳቀች መጣች።

ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች ቢጠይቋት ሾርባ ተደፋባት አለች።

ሰኞ ብርቅዬ ሐኪሙ ዘንድ አልሄደችም። ልጅቱን አምጪ ቢላትስ? ጣቷን ቢቆርጠውስ? በሩን ዘግታ ዋለች። ሐሙስ ዕለት ኃይለመስቀል ራሱ በሩን አንኳኳ።

«እትዬ ብርቅዬ፣ ምነው ቀሩ? ሐኪሙ ቶሎ ካልወጣ ይገድላታል ብሎ ነው የላከኝ።»

«መርዙ የመጣው በፈረሱ ጭራ ነው ብሎ የለ? እኔ የልጄን ተኩሼዋለሁ። ለእኔ አይጨነቅ።»

«የምን ፈረስ?»

«ፈረስ፣ ፈረስ እያለ ሲደጋግም በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ!»

ኃይለመስቀል ሊስቅ ከጀለውና የልጅቱን የታሰረ እጅ ሲያይ ተወው። «ፎርሴ ማለት እኮ ምናልባት ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ምናልባት በዓይን የማይታይ ተሐዋስ ያመጣው ይሆናል ነው ያለው። እሱም አያውቀውም፤ ገና ማንም አላወቀውም።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምናልባትን ማን ይተረጉማል ብዬ ነዋ፣ እትዬ።»

ብርቅዬ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረችና እጇን ዘረጋች።

ፀዳለ ሁለቱንም እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች። «እማዬ፣ ሌሎቹ ጣቶቼ ደህና ናቸው» አለች።