ሀጀራ ተቀይሯል

ሃምሳ አለቃ አሳምነው ሰው ናቸው ወይስ ደንብ? ወላሂ እስካሁን አልገባኝም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሠራዊቱ መገናኛ ክፍል ሬዲዮ ይዘው ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ መካነ ሰላም መጡና የእኛ አለቃ ሆኑ። እኛ ደግሞ ወታደር አይደለንም። የገበሬ ማኅበራት መጋዘኖች እህል የሚመዘግቡበት ሲስተም እንዳይቆም በፈረቃ የምንጠብቅ ጥቂት ልጆች ነን። የምንጠብቀው ኮምፒውተር ነው፣ ድንበር አይደለም።

በመጡ በሳምንቱ «ሲስተም የለም» ማለትን ከለከሉ። ከአጅባር መጋዘን ተደውሎ እንዲያ ከተባለ ስልኩን ከእጄ ይነጥቁና «የለም ማለት ምን ማለት ነው? መብራት ነው የሌለው? ኔትወርክ ነው? በዓይንህ ያየኸውን ብቻ ንገረኝ!» ብለው ሰውየውን ያስጨንቁታል። «እሺ» ማለትም አይቻልም፤ የታዘዝሽውን ድገሚ ነው። «ኢንሻአላህ»ማ አይነሳ!

ከሁሉ የባሰው የይለፍ ቃሉ ነው። የኮምፒውተሩን አይደለም የምላችሁ፣ የበሩን። አንድ አጭበርባሪ «የከላላ መጋዘን ኃላፊ ነኝ» ብሎ ደውሎ ሊሸውደን ከሞከረ ወዲህ፣ በስልክም በበርም የሚመጣ ሰው የሳምንቱን ቃል ካልተናገረ አይስተናገድም አሉ። ይሄኛው ጠቅሞናል፣ አልዋሽም። ቃሉን የምናወጣው በየተራ ነው። ባለፈው ሳምንት ተራው የእኔ ነበርና «ሀጀራ» አልኩ። የእናቴ ስም ነው። ሌላ ምን ሊመጣልኝ? እናቴ ከጅዳ ልትመጣ ነበር። ትታኝ ስትሄድ የወለቀው የፊት ጥርሴ ገና አልበቀለም ነበር።

ሃምሳ አለቃ ሲሰሙ ዓይናቸው ፈጠጠ። «የእናትሽን ስም? ጠላት መጀመሪያ የሚሞክረው እኮ የእናት ስም ነው!» «ምን ጠላት አለብኝ እኔ?» ብል ማን ሰምቶኝ። ሐሙስ ዕለት ቃሉ «ሽንብራ» ሆነ። ሽንብራ!

ቅዳሜ እናቴ የምትገባበት ቀን ሆነ። የሳዑዲ ስልኳ እዚህ ስለማይሠራ ከደሴ በሰው ስልክ ደውላ፣ «ፈርሂያዬ፣ ታውቂኛለሽ ግን?» አለችኝ። እኔ ሳቅኩ፣ እሷ አልሳቀችም። «አክስትሽን እማ ነው አሉ የምትያት። ይሁን፣ አሳድጋሻለች። ግን ከመኪና ስወርድ አንቺን ልይ። አንቺን ካጣሁ በመጣሁበት እመለሳለሁ።»

«መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ነው የምታገኚኝ» ብዬ ማልኩላት።

ተረኛነቴ የሚያበቃው ረፋድ ላይ ነው፤ የሚተካኝ አስናቀው ነው። ሰዓቱ ደረሰ፣ አስናቀው የለም። ብደውልለት «ሚኒባሷ አቀስታ ላይ ተበላሽታለች፣ ኢንሻአላህ እደርሳለሁ» አይለኝም! ክርስቲያኑ አስናቀው! ለሃምሳ አለቃ ደወልኩ። የአጅባርን መጋዘን አይተው እየተመለሱ ነበር።

«ሃምሳ አለቃ፣ እናቴ…»

«ተተኪ ሳይመጣ ጣቢያ አይለቀቅም። ድገሚልኝ።»

«ተተኪ ሳይመጣ ጣቢያ አይለቀቅም» አልኩ ጥርሴን ነክሼ።

አክስቴን የሻለምን ልላካት አልኩና ተውኩት። እናቴ ወርዳ መጀመሪያ የምታየው እሷን ከሆነማ አለቀልኝ። ጥዬ ልውጣ እንዳልል ገበያ ቀን ነው፤ ሲስተሙ ቢቆም ገበሬው እህሉን አራግፎ ደጅ ሊውል ነው። ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። መልሼ ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ ሃምሳ አለቃ ራሳቸው አቧራ ለብሰው ደረሱ። «ልረከብሽ» ሲሉኝ አልሃምዱሊላህ ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። «ሪፖርት?» አሉኝ! የሚሠራውንም የተበላሸውንም አንድ በአንድ አስደገሙኝ። በዚያች ሰዓት ያን ሰርቨር በመስኮት ብወረውረው እንዴት ደስ ባለኝ!

ወጥቼ በሩ ላይ ስደርስ ጥበቃው አበጋዝ ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ። ጀብዱ ሠርቷል ለካ።

«ፈርሂያ፣ ዛሬ አንዷን መለስኳት!»

«ማንን?»

«አንዲት ሻንጣ የያዘች ሴትዮ ናት። ፈርሂያን ፈልጌ ነው አለች። ቃል አምጪ አልኳት። ግራ ገብቷት ቆየችና 'ሀጀራ በላት' አለችኝ። የድሮውን ይዛ መጥታ! 'ሀጀራማ ተቀይሯል፣ አሁን ሌላ ነው ያለው' አልኳታ። ደግሞ ምንም አልተከራከረችም፤ ሻንጣዋን ይዛ ወደ መናኸሪያው ተመለሰች።»

«አበጋዝ፣ አላህ ይይልህ!» ብዬ ሮጥኩ።

መናኸሪያ ስደርስ የደሴው ቅጥቅጥ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። በመስኮቱ አየኋት። ታውቂኛለሽ ወይ ብላኝ አልነበር? ወላሂ ከመቶ ሴት መሃል አውቃታለሁ። መስታወቱን በመዳፌ ደበደብኩት።

«እማ! እማ!»

ዞር ብላ አየችኝ። መስኮቱን የከፈተችው ቆይታ ነው።

«መኪናዋ ቀድማ ገባች፣ ቆሜ ጠበቅኩሽ። የምትሠሪበትን ጠይቄም መጣሁ» አለች ቀስ ብላ። «ሀጀራ ተቀይሯል፣ ሌላ አለ አለኝ ሰውየው። አልፈረድኩብሽም ልጄ። ይህን ያህል ዘመን የጠፋ ሰው ይቀየራል።»

«የበር ቃል ነው እኮ! የይለፍ ቃል! ስምሽን የበሩ ቃል ባደርገው አለቃዬ በሽንብራ ቀየሩት!» ብዬ ጮህኩ። ለራሴም እብደት መሰለኝ። እንባዬ ይወርዳል፣ ተሳፋሪው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

«ሴትዮ፣ ትሄጃለሽ ወይስ ትወርጃለሽ?» አለ ረዳቱ።

እናቴ አፍጥጣ አየችኝ። «በሽንብራ?»

«በሽንብራ።»

ተነሳች። ሻንጣዋን በሰው ጉልበት መሃል እየጎተተች ወረደችና አንገቴን አነቀችው፤ እሷም ታለቅሳለች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠራረገች፣ ሻንጣዋን አሸከመችኝ።

«ነይ ቅደሚ» አለችኝ። «በሽንብራ የቀየረኝን ሰውዬ አሳዪኝ።»