ባዶ ነው ያልኩት ነፍጥ

ቁጡ ነኝ፤ አልደብቅም። ናዝሬት አሮጌው መናኸሪያ ጀርባ መጥታችሁ የአስፋውን ብየዳ ቤት ብትጠይቁ «ያ ተሳዳቢው?» ይሏችኋል። ሠላሳ ዓመት በጦር ሠራዊት ውስጥ መሣሪያ ጠግኛለሁ። ክላሽ ዓይኔን ጨፍኜ ፈትቼ እገጥማለሁ። ጡረታ ስወጣ ከማናሴ ጋር ብየዳ ቤቱን ከፈትን። ማናሴ ጴንጤ ነው፤ እኔ ስሳደብ እሱ ይጸልይልኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ ሐሙስ ረፋዱ ላይ ቦንቱ የምትባል ሴት ከሁሩታ መጣች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። በማዳበሪያ ጆንያ የጠቀለለችውን ነገር ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ዝገት የበላው ረጅም ብረትና ምስጥ የቦረቦረው እንጨት ነው።

«ምንድነው ይሄ? የውኃ ቧንቧ ነው?» አልኳት።

«የአባቴ ጠመንጃ ነው ጋሼ። የድሮውን ጎተራ ስናፈርስ ግድግዳው ውስጥ ተገኘ።» የቀበሌ ደብዳቤ አውጥታ አሳየችኝ።

ከዚያ ነገሩን አስረዳችኝ። ልጅ ሳለች አጎቷን የጎረቤት ሰዎች በግጦሽ ጠብ ገደሉት። አባቷ በዚህ ነፍጥ ደሙን እመልሳለሁ ብሎ ማለ፤ ሳይመልስ በሽታ ወሰደው። መሐላው ለወንድሟ ለጫምሳ ቀረ። አሁን ግን ሽማግሌ ገብቶ ቅዳሜ ጉማ፣ የደም ዕርቁ፣ ሊደረግ ነው። ካሳው ይከፈላል፣ ነፍጡ መሬት ላይ ይጋደማል፣ ሁለቱም ወገን ተሻግሮት ይታረቃል፣ ከዚያ ይሰበራል።

«ይሄንን ዝገት ይዤ ብሄድ ግን ቁርጥራጭ ብረት አምጥተው ዋናውን ደበቁ ይሉናል» አለች። «የአባቴ ጠመንጃ አንገቱ ላይ ሦስት የናስ ቀለበት አለው፤ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ቀለበቱ ይታይ፣ ምላጩም ይንቀሳቀስ። ቅዳሜ ካልታረቅን ጫምሳ ሰው ይገድላል፤ ወይ ይገድሉታል። ያለኝ ወንድም እሱ ብቻ ነው ጋሼ።»

አንጀቴን በላችው። «ተቀመጪ፤ ዛሬውኑ ይዘሽው ትሄጃለሽ» አልኳት።

ናፍጣ አፈሰስኩበትና በሽቦ ብሩሽ ያዝኩት። ዝገቱ በቅርፊት በቅርፊት ረገፈ። ከአንገቱ ላይ አንድ ቢጫ መስመር ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ቦንቱ አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች። እኔም ደስ አለኝ፤ ምን ይዋሻል፣ ጎረርኩ። «ይኸውልሽ! ባሩዱንም አረሩንም በአፈሙዙ የሚጎርስ የጥንት ነፍጥ ነው!»

«ባዶ መሆኑን ግን አይተዋል?» አለችኝ ቀስ ብላ።

እዚህ ጋ ነው ምላሴ መቆረጥ የነበረበት። እኛ መሣሪያ ስንፈትሽ ካዝና እናወልቃለን፣ ቃታ ስበን የጥይቱን ቤት እናያለን፤ አለቀ። ነፍጡን ወዲህ ወዲያ አገላበጥኩት። ካዝና የለው፣ ቃታ የለው፣ ቀለህ የሚገባበት ቀዳዳ የለው። «ምኑ ውስጥ ይደበቃል? ባዶ ነው!»

ማናሴ ከብየዳው ቀና አለ። «አስፌ፣ ሽቦ በአፈሙዙ አስገብተን እንለካው። የገባው ሽቦ ከብረቱ የውጪ ርዝመት ካጠረ ታቹ የሆነ ነገር ተቀምጧል ማለት ነው።»

«አንተ በርህን በይድ! ለእኔ ነው መሣሪያ የምታስተምረኝ?»

ወደ ብየዳው ተመለሰ። ሽቦው ከአጠገቤ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። እጄን ብዘረጋ ይደርሳል። አልዘረጋሁም።

ምላጩን አላቀቅኩ። የቀረኝ ከአፈሙዙ በተቃራኒ ጫፍ እሳት የሚገባባት ትንሽዬ ቧንቧ ነበረች፤ ዝገት ከብረቱ ጋር አጣብቋታል። ነፍጡን ብረት በሚነክሰው ሞርሳ ላይ አስሬ የጋዙን እሳት ለኮስኩ። ብረት ሲሞቅ ይላቀቃል፤ ይሄንን ማንም ብየዳ ሠራተኛ ያውቃል።

በሩ በእግር ተመታ። ጫምሳ ነው፤ ከሁሩታ ተከትሏት መጥቷል። ትከሻው በሩን ይሞላል። እህቱን አየና «የአጎቴን ደም ልትሸጪ ነው?» ብሎ በጥፊ ሲላት ከግድግዳው ጋር ተላተመች። ማናሴ መሀል ሲገባ ጫምሳ ከወለሉ ብረት አንሥቶ አፉን አለው። የማናሴ ሁለት ጥርሶች መሬት ላይ ሲወድቁ በዓይኔ አየሁ። ዓይኔ ደም ለበሰ። እሳቱን እንኳ ሳላጠፋ ሞርሳው ላይ ጥዬው መዶሻ ይዤ ዘለልኩ። ክንዱን መታሁት፤ ሲሰበር ተሰማኝ። እሱ በጭንቅላቱ አፍንጫዬን ደረመሰው። ደም አፌን ሞላው። ተናነቅን፣ ወንበሮች ተገለበጡ፣ ቦንቱ «በአላህ! በአላህ!» ትጮኻለች። በመጨረሻ በርግጫ አሽቀነጠርኩት።

«ጠመንጃዬን አምጣ አንተ ሽማግሌ!» አለኝ እያለከለከ።

ያኔ እንኳ ዝም ብል ምን ነበረበት! «ና ውሰደዋ!» አልኩት። «ወንድ ከሆንክ ባዶ ብረት ታቅፈህ ፎክር!»

በደህና እጁ አፈሙዙን ያዘና ወደ ደረቱ ጎተተው። የጋዙ እሳት ከታች ብረቱን እየላሰ ነበር። ማናሴ በሚደማ አፉ «እሳቱን!» ሲል ሰማሁ።

ቤቱ ተናጋ። ጆሮዬ ጭው አለ። ጭሱ ሲገፈፍ ጫምሳ ቁጭ ብሎ ደረቱን ያያል፤ ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ ነው፤ ሸሚዙ ዙሪያውን ይጨሳል። «ባዶ ነው አልክ» አለኝ፤ ሌላ አልተናገረም። ቦንቱ በሁለት መዳፏ ቀዳዳውን ልትደፍነው ሞከረች። ደሙ በጣቶቿ መሀል እየገፋ ወጣ። «ኦቦሌሳ ኮ! ወንድሜን! ወንድሜን!» እጇ ሥር ሞተ።

አባትየው ለበቀል አጉርሶት ነበር የሞተው። ለማንም አልነገረም።

ፍርድ ቤት በቸልተኝነት ስምንት ወር ፈረደብኝ፤ ታሰርኩ፤ ይገባኛል። የቅዳሜው ጉማ በጫምሳ ለቅሶ ላይ ተፈጸመ አሉ፤ ባላንጣዎቹ መጥተው ከቤተሰቡ ጋር አለቀሱ። ያ ደም ተዘጋ። የእኔ ግን ቀረ።

ስፈታ ማናሴን ይዤ ሁሩታ ሄድኩ። እንደ አገሬ ወግ ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ ከሽማግሌዎቹ ፊት ተንበረከክኩ። ለቤተሰቡ የተፈረደብኝን ካሳ ከፈልኩ፤ ለመታረቅ የቀረው ነፍጡን መሻገር ነው። ፖሊስ ይዞት ስለነበር በቅዳሜው ጉማ አልተሰበረም፤ ኋላ መልሶላቸው ኖሯል። ቦንቱ ይዛው ወጣች። ከስታለች። ሦስቱ ቀለበቶች እኔ እንደወለወልኳቸው ያበራሉ። ከፊቴ አጋደመችውና አጠገቡ ቀጭን ሽቦ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ባዶ ነው?» አለችኝ።

ሳልለካ «ነው» ልላት አልቻልኩም። ሽቦውን አነሣሁ። በአፈሙዙ አስገባሁት፣ እስኪቆም ገፋሁት፣ ጠርዙ ጋ በጥፍሬ ያዝኩት፣ አውጥቼ በውጪ በኩል አስተኛሁት። ልክ ከብረቱ መጨረሻ ደረሰ።

«ባዶ ነው» አልኳት፤ ድንጋዩን እንደተሸከምኩ እንባዬ ወረደ።

ቦንቱ ሽቦውን ከእጄ ወሰደች። «ይሄንን ያህል ብቻ ነበር ጋሼ?» አለችኝ።

ይሄንን ያህል ብቻ ነበር። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።