የቱርቦው ብርድ ልብስ

ወንድሜን ፈሪ ካሉት ሰዎች አንዱም ያንን መኪና ነድቶት አያውቅም። ከዚህ ልጀምር። ከሌላ ቦታ ከጀመርኩት ደሜ ይፈላና ነገሩን ሳልጨርሰው እቀራለሁ።

የእሽቅድምድም ክበባችን ትንሽ ነው። አንድ ጋራዥ፣ አንድ መኪና፣ አንድ ሊቀመንበር። መካኒኳ እኔ ነኝ፣ ነጂው ታናሽ ወንድሜ ነው። ሊቀመንበሩ የሴራሚክ ነጋዴ ነው፣ መኪናውም የእሱ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አንቱ የምለው አንጀት የለኝም። ውድድሩ ዳገት ላይ ነው። መኪኖቹ ተራ በተራ ጠመዝማዛውን መንገድ ይወጣሉ፣ ሰዓት ይያዝላቸዋል፣ ይወርዳሉ፣ ከዚያ ደግመው ይወጣሉ። የሁለቱ ሰዓት ተደምሮ አሸናፊው ይለያል። ወንድሜ ለዚህ የነጂ ወንበር ስንት ዓመት ጎማ ሲቀይርና መኪና ሲያጥብ ኖሯል። ከሚስቱና ከልጁ ቀጥሎ በዓለም ላይ ያለችው ነገር እሷ ወንበር ናት።

ቱርቦ የሚባለው ነገር ከሞተሩ በሚወጣው ትኩስ ጭስ እየተሽከረከረ ለሞተሩ አየር የሚግት ዕቃ ነው። የመኪናው ጉልበት ከእሱ ነው፣ ጣጣውም ከእሱ። ዳገቱን ጨርሶ ሲመጣ ብረቱ ፍም መስሎ ይቀላል። በእኛ መኪና ላይ ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ዕቃ ከቱርቦው አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። ቱርቦውን የገጠምነው ራሳችን ነን፣ ሌላ ቦታ አልነበረንም። የፍሬን ዘይት ከልክ በላይ ሲግል ይፈላል፣ ሲፈላ በውስጡ እንፋሎት ይይዛል፣ እንፋሎት የያዘ ዘይት ደግሞ ፍሬን አይገፋም። ፔዳሉን ትረግጣለህ፣ እግርህ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን አንተን አይጠይቅህም፣ መንገዱን ይቀጥላል።

ይህ እንዳይሆን አክስቴ ጋ ሄድኩ። አክስቴ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ናት። እሳት የማይበላው ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ ወሰድኩላት። እጇን እያሳከካት፣ እኔን እየረገመች፣ በቀጭን ሽቦ ሰፍታ ለቱርቦው ልኩን የጠበቀ ልብስ አወጣችለት። ጋራዥ ውስጥ ስሙን ብርድ ልብስ አልነው።

ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ሲያየው ሳቀብኝ።

«ሙቀት በዛበት እያልሽ ብርድ ልብስ ታለብሺዋለሽ? ምነው ልጄ፣ ደህና አይደለሽም?»

«ልብሱ ለእሱ አይደለም ጋሼ፣ ለጎረቤቶቹ ነው» አልኩት። «ሙቀቱ ከጭሱ ጋር በጭስ ማውጫው ይውጣ። አጠገቡ ያለውን ሁሉ ለምን ይቀቅላል?»

ገባው አልገባው አላውቅም፣ ብቻ እንዳለ ተወው። በልምምድ ወራት ሁሉ ብርድ ልብሱ እዚያው ነበር። ፔዳሉም አንድ ቀን አላስቸገረንም። ወንድሜ ከማንም ዘግይቶ ይረግጥ ነበር። ኩርባው አፍንጫው ላይ እስኪደርስ ይጠብቃል፣ ከዚያ እንዲህ ረገጥ፣ እንዲህ ጠምዘዝ፣ ሄደ። እኔ እህቱ ሆኜ ዓይኔን እጨፍን ነበር።

ከዚያ እንግዶች የሚባሉ መጡ። የሊቀመንበሩ ወዳጆች፣ የንግድ ሸሪኮቹ፣ የሸሪኮቹ ሸሪኮች። ለእነሱ ኮፈኑን ከፍቶ የሚያሳየው ነገር አማረውና ቱርቦውን አስወልውሎ መስታወት አስመሰለው። በማግስቱ ጋራዥ ስገባ ብርድ ልብሱ ወለል ላይ ተጥሎ አገኘሁት።

«ይህን ሁሉ አሳምሬ ጆንያ ላልብሰው?» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ነገርኩት። ለመንኩት። ዘይቱ ይፈላል አልኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በዚያ ላይ አንድ አመል ጨመረ። መኪናው ዳገቱን ወጥቶ እንደተመለሰ እጁን ያነሳል፣ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል፣ ኮፈኑ ይከፈታል፣ እንግዶቹ ተራ በተራ ከቱርቦው ጋር ፎቶ ይነሳሉ። እንደዚያ የጋለ ቱርቦ እኮ ሞተሩ በቀስታ እየሠራ ትንሽ መቆየት አለበት፣ የሞተሩ ዘይትና ውሃ እየዞሩ ሙቀቱን እንዲያወጡለት። ድንገት ስታጠፋው ያ ሁሉ ሙቀት መሄጃ ያጣና አጠገቡ ያለው ላይ ይሰፍራል። አጠገቡ ያለው ማን ነው? የፍሬን ዘይቱ። ይህንንም ነገርኩት። «ሞተሩ እየጮኸ እንዴት ይወራል?» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ የመጀመሪያውን ዙር እንደ ወትሮው ይነዳል፣ በሁለተኛው ዙር ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ይሸሽበታል። ምን ያድርግ? ቀድሞ መርገጥ ጀመረ። ሁለት ሦስት ጊዜ እየደጋገመ ይረግጣል፣ እየፈራ ይጠመዝዛል፣ ሰዓቱም ወደ ኋላ ቀረ። ችግሩን ሲናገር ሊቀመንበሩ መጥቶ ጋራዥ ውስጥ ይቀመጥበትና ፔዳሉን ይረግጣል። ማታ መኪናው በርዷል፣ ዘይቱ በርዷል፣ እንፋሎቱም ተመልሶ ዘይት ሆኗል። ፔዳሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ይኸው፣ ምን ሆነ?» ይላል። ከዚያ ወሬው ተነዛ። ልጅ ከወለደ ወዲህ ልቡ ሸሽቷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ፈርቷል። ስሙን እንዲህ አድርገው አጠፉት።

እኔን ያንገበገበኝ የእነሱ ማለት አይደለም። እሱ ራሱ ማመኑ ነው። አንድ ቀን ምሳ እየበላን ሹካውን አስቀመጠና «እትዬ፣ ምናልባት እውነታቸውን ይሆን እንዴ? አንዳንዴ እኮ እውነት እፈራለሁ» አለኝ። ፍሬን የሌለው መኪና ላይ ተቀምጦ ያልፈራ እሱ ጤነኛ አይደለም አልኩት። ፈገግ አለ፣ ግን ቃሌ ውስጡ አልገባም። ታላቅ እህት ስትናገር ሁሌም የምታጽናና ነው የሚመስለው።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። በመጀመሪያው ዙር ወንድሜ ሁለተኛ ወጣ፣ ያውም ለጥቂት። ወርዶ ገና ሳይቆም ሊቀመንበሩ እጁን አነሳ። ሞተሩ ጠፋ፣ ኮፈኑ ተከፈተ፣ የተለመደው ሰልፍ ተጀመረ። አንዷ እንግዳ የቱርቦው ሙቀት ፊቷን ገረፋትና ሳቀች። እኔ በመሀል እጄን ሰድጄ የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ክዳን ነካሁት። ጣቴን አቃጠለኝ። ወንድሜን ፔዳሉን እርገጠው አልኩት። ረገጠው። ወለሉን ነካ።

ሊቀመንበሩን ከእንግዶቹ መሀል እጁን ይዤ አወጣሁት።

«ጋሼ፣ ይህ መኪና በዚህ ሁኔታ አይወጣም። ዘይቱን ልቀይር፣ አየሩን ላስወጣ፣ ብርድ ልብሱን ላልብሰው። ዳኞቹን የመጨረሻ ተራ ይስጡን ይበሉልኝ።»

«ተራችን ደርሷል፣ አንድ ደቂቃ የለም። ደግሞ ሰው ሁሉ ሊያየው መጥቶ ያንን ጆንያ ታለብሺብኛለሽ?»

«ፔዳሉ ወለል ነክቷል እኮ ነው የምልዎት።»

«የወንድምሽ ፔዳል መቼ ወለል ያልነካበት ቀን አለ?» አለና ሳቀ። የከበቡት ሰዎችም ሳቁ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ካልነዳ ሌላ ይነዳል። ከዛሬ ጀምሮም ወንበሩ የሌላ ነው» አለ።

ወንድሜ ሰማ። የራስ መከላከያውን አጠለቀና ወደ በሩ ሄደ። ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ።

«እትዬ፣ ልቀቂኝ።»

«ምን ቆርጦኝ።»

«ፍሬኑን ትቼ በሞተሩ እየያዝኩ፣ ቀስ እያልኩ እነዳዋለሁ።»

«ቀስ የምትል ከሆነ ለምን ትወጣለህ? ቀስ የማትል ከሆነ ደግሞ ለሚስትህ ምን ብዬ ልንገራት? በል ንገረኝ፣ ቃሉን አንተው ስጠኝ።»

መንገዱን ሽቅብ አየ። ከዚያ የራስ መከላከያውን አወለቀ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ከእንግዶቹ መሀል አንዱ «አላልኳችሁም?» ሲል ሰማሁ። ዞሬ ላፋጥጠው ስል ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። አንገቱን ደፍቶ ሄዶ ጎማዎቹ ላይ ተቀመጠ።

ሊቀመንበሩ አማቹን ጠራው፣ የልጁን ባል ማለቴ ነው። ተጠባባቂ ነጂያችን ነው። ደህና ልጅ ነው፣ በእሱ ቂም የለኝም። መጣና ግራ ተጋብቶ አንዴ እኔን አንዴ አማቱን ያያል። ሚስቱ ተከትላው መጥታ ነበር። «ፍሬኑ ምን ሆኗል?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ቀጥታ እኔን። ብዙ አላወራሁም። «ግቢና ርገጪው» አልኳት።

ጫማዋን አውልቃ ገባች። ረገጠች። ፊቷ ክው አለ። ደግማ ረገጠች። ወጣችና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ፣ «አባዬ፣ ባሌ የሚነዳው ይህን ነው?» አለችው።

ሊቀመንበሩ እንግዶቹን አየ፣ ልጁን አየ። ከዚያ ወደ ዳኞቹ ድንኳን ሄደ። መሄድ አይባልም፣ ሮጠ። ሲመለስ ለስላሳ ሰው ሆኖ ነው የመጣው።

«ልጄ፣ የመጨረሻውን ተራ ሰጥተውናል። አንድ ሰዓት አለሽ፣ አትቸኩዪ። ዘይቱን ቀይሪው፣ ያንን ልብስም በደንብ አድርገሽ አልብሺው።»

ወይ ጉድ። ለወንድሜ አንድ ደቂቃ ያጣ ሰው ለአማቹ አንድ ሰዓት አገኘ። ለወንድሜ ጆንያ የነበረው ለአማቹ ልብስ ሆነ። መፍቻውን አንስቼ እግሩ ሥር ልወረውርለትና «እራስዎ ያልብሱት» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያንን ልብስ በጋለ ቱርቦ ላይ ማሰር የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱም ይህን ያውቃል። ግን የዚያች ልጅ ባዶ እግር እዚያው አስፋልቱ ላይ ነበር። እሷ ምን አጠፋች?

ሥራዬን ጀመርኩ። ክንዴ ሁለት ቦታ ተቃጠለ። ብርድ ልብሱን አልብሼ በሽቦ አጠበቅኩት፣ ዘይቱን አውጥቼ አዲስ ሞላሁ። ከፍሬን ውስጥ አየር ማስወጣት ግን የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሌላው ጎማው ጋ ተንበርክኮ ማስተንፈሻውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ማንን ልጥራ ብዬ ቀና ስል ወንድሜ ከጎማዎቹ ላይ ተነስቶ መጥቷል። ከእጁ የተነጠቀው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እግሩን ፔዳሉ ላይ አደረገ።

«ርገጥ» አልኩት። ረገጠ። ከፈትኩ፣ አረፋ ፉር ብሎ ወጣ። ዘጋሁ። «ርገጥ።» አሁንም አረፋ። ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው እየዞርን እንዲህ ቀጠልን። አረፋው እየቀነሰ መጣ፣ በመጨረሻም ንጹሕ ዘይት ብቻ ሆነ። ማስተንፈሻውን አጥብቄ ስነሳ ወንድሜ አሁንም ይረግጣል። ሥራው አልቋል፣ እሱ ግን ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይረግጣል። ፔዳሉ አሁን አይሰምጥም፣ ከላይ ያዝ ያደርገዋል።

«እትዬ» አለኝ፣ ዓይኑን ከእግሩ ሳያነሳ። «እኔ እኮ አልፈራሁም ነበር።»

ወደ ሊቀመንበሩ ዞርኩ። «ፍሬኑ ደህና ሆኗል። ነጂውም ወንበሩ ላይ ነው። ይንዳው» አልኩት።

«ቃሌን በሰው ፊት ተናግሬያለሁ» አለኝ። «እንግዶቼ ፊት ልዋረድ ነው የምትፈልጊው?»

የምፈልገውን ነገርኩት። እዚህ የማይጻፍ ቃል ነው፣ እንግዶቹም ሰምተውታል። ከቃሉ አልተመለሰም፤ ጭራሽ ጀርባውን ሰጠኝ። አማቹ ግን የራስ መከላከያውን ይዞ እንደ ጥፋተኛ ቆሞ ነበር። ወንድሜ ወረደለት። ቀበቶውን ራሱ አሰረለት፣ ትከሻው ላይ አጠበቀለት፣ ከዚያ መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ነገረው።

«ከላይ ያለው የመጨረሻው ኩርባ ያስፈራል። አትቸኩል፣ ኩርባው ጫፍ ላይ እስካለው አጥር ድረስ ጠብቅና ርገጥ። አይዞህ፣ ይይዝልሃል።»

መኪናው ተነስቶ ሄደ። ወንድሜ እዚያው ቆሞ ድምፁን ያዳምጥ ነበር። እኔ ላቤን እንደምጠርግ ሆኜ የእጄን ማጽጃ ጨርቅ ፊቴ ላይ አደረግኩት። ያለቀስኩት ከንዴት ነው፣ ማንም ሌላ ትርጉም እንዳይሰጠው።