የእድሩ ድንኳን ዝዋይ ዳር

ቅናቴን አልደብቅም። ሌላው ሰው በሕይወት ባለች ሴት ይቀናል፤ እኔ የምቀናው ከሞተች አራት ዓመት ባለፋት፣ በባሌ የመጀመሪያ ሚስት ነው። በሕይወት ብትኖርማ ፀጉር ለፀጉር ተናጭተን ይለይልን ነበር። የሞተች ጣውንት ግን አትሰደብም፣ አታረጅም፣ ወጥ አታሳርርም። ቃሊቲ ሰፈራችን ውስጥ ስሟ ሲነሳ ሁሉም “ነፍሷን ይማረውና” ብሎ ይጀምራል፤ ሙያዋን ዘርዝሮ ሳይጨርስ ይመሻል። እኔ ደግሞ እሷ በገዛችው ብርጭቆ ውሃ እየጠጣሁ አዳምጣለሁ።

ባሌ ወልደሰንበት አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች ባንዱ መካኒክ ነው፤ በሰፈራችን እድር ደግሞ ንብረት ያዥ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሁሉ በሱ እጅ ነው። ሚስቱ የሞተች ቀን እንኳ “አንተ ሐዘንተኛ ነህ፣ ቁጭ በል” ቢሉት እምቢ ብሎ ድንኳኑን ራሱ ተከለ፤ በሦስተኛው ቀን ራሱ ነቀለው። አንዲት እንባ አልወጣውም ይላሉ። ይህን ስሰማ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ያልተለቀሰላት ሴት እምብዛም አልተወደደችም ብዬ ነዋ!

ዘንድሮ የዓመት ፈቃዱን ሲወስድ “ዝዋይን ዳር ዳሩን እየነዳን፣ ደስ ባለን ቦታ እያደርን ሦስት ቀን እንቆይ” አለኝ። በዕድሜዬ ከገላን ወዲያ ለሽርሽር ሄጄ አላውቅም፤ በደስታ ዘለልኩ። ድንኳን ግን ከየት ይምጣ? ወልዴ የእድሩን ትንሹን ድንኳን፣ ለወጥ ሠሪዎች የሚተከለውን፣ ለማንም ሳይናገር አውጥቶ የቪትዝ መኪናችን ፖርቶ መጋላ ላይ ጠፍሮ አሰረው።

እስከ ባቱ ድረስ እየዘፈንን ነው የሄድነው። ነገር የተበላሸው ሐይቁ ዳር ካለ አሳ ቤት ስንገባ ነው። ወልዴ ገና ወንበሩን ሳይስብ አስተናጋጇን “ሁለት ጉላሽ፤ የሷ ላይ ቃሪያ እንዳታበዙ” አላት። እኔ ቃሪያ እንደ ዳቦ የምገምጥ ሴት ነኝ! ዓመት ከመንፈቅ አብሮኝ የበላ ሰው ይህን ያጣዋል?

“ቃሪያ የማትበላው ማናት?” አልኩት።

“አፌ ላይ መጥቶ ነው።”

“ከሷ ጋር እዚህ መጥተህ ነበር?”

“አንድ ጊዜ” አለና አንገቱን ደፋ።

ከዚያ በኋላ ሐይቁ አልታየኝም። “እዚህ ጋ ጥሩ ጥላ አለ” ሲል እሷ የተቀመጠችበት እየመሰለኝ፣ “ያውልሽ ጉማሬ” ሲለኝ ለሷም እንዲሁ አሳይቷት ይሆናል እያልኩ ፊቴን አዞርኩ። ሽርሽሩ የነሱ ነው፤ እኔ በትርፍ የተጫንኩ ተሳፋሪ ነኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ከአንድ መንደር አጠገብ፣ ግራር ሥር ድንኳኑን ተከልን። እኔ አኩርፌ፣ እሱ ካስማውን እየመታ። ሸራው ላይ “መረዳጃ እድር” የሚለው ትልቅ ጽሑፍ በመንደሩ በኩል መዋሉን ሁለታችንም ልብ አላልንም። ሰዓት ሳይሞላ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ሽማግሌዎች ከፊት፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ከኋላ። ቃል ሳይተነፍሱ ድንኳናችን ደጅ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። በኋላ ኦቦ ቃልቤሳ እንደሚባሉ ያወቅኋቸው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ልጆቼ፣ ፈጣሪ ያጽናችሁ። ሐይቁ ሰው ወስዶባችሁ ነው? ጀልባ አለን፤ አብረን እንፈልጋለን።”

የእድር ድንኳን ውሃ ዳር ተተክሎ ሲያዩ የሰጠመ ሰው አስከሬን የምንጠብቅ መስሏቸዋል። ሳቄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው። ወልዴ “ኧረ እኛ ለሽርሽር ነው የመጣነው” ይላቸዋል ብዬ አፌን በእጄ ይዤ ጠበቅሁ።

“ማን ነው የሞተው፣ ልጄ?” አሉት ኦቦ ቃልቤሳ።

ወልዴ ድንኳኑን አየ፤ የተቀመጡትን ሰዎች አየ።

“ሚስቴ” አለ። “ሚስቴ ሞታብኝ ነው።”

እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከወንድ ሰምቼ አላውቅም። መሬት ላይ ዘፍ ብሎ “ፍቅርተማርያም፣ ፍቅርተዬ” እያለ አራት ዓመት ሙሉ ያፈነውን ሁሉ አወጣው። ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ደግፈው ያዙት፤ አብረውትም አለቀሱ። ፍቅርተዬ! እኔን አቻምየለሽ ብሎ ሙሉ ስሜን ነው የሚጠራኝ።

አንዲት ሴትዮ መጥተው አቀፉኝ። “አይዞሽ የኔ ልጅ። አንቺስ ምኑ ነሽ?”

“እህቱ ነኝ” አልኳቸው።

ይህን ብዬ እኔም ለቅሶዬን ለቀቅሁት። ሴቶቹ “እንዴት ብትወዳት ነው!” ተባባሉ። እኔ ያለቀስኩት በቅናት ነው። እኔ ብሞት እንዲህ እንደማይሆንልኝ ስላወቅሁ ነው ያለቀስኩት።

ሰዎቹ ወተትና ዳቦ ትተውልን ሲሄዱ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ወልዴ ወርዶ ፊቱን በሐይቁ ውሃ ታጥቦ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ዓይኑ አብጧል፤ ፊቱ ግን ካገባሁት ጀምሮ እንደዚያ ቀሎት አይቼው አላውቅም።

“አቻምየለሽ፣ ምነው እህቱ ነኝ አልሻቸው?” አለኝ።

“ሚስቴ ሞታለች አልካቸው” አልኩት። “እኔ ታዲያ ምኑ ነኝ ልበል?”