ናሙና አይሸጥም

ሱቃችንን የዘጋነው ሰው ስላልገባበት አይደለም። ሰውማ ይገባ ነበር። አላፊው መስኮቱ ላይ የተደረደሩትን ቅርጫቶች አይቶ ይቆማል፣ ደጃፉ ላይ ጫማውን ያራግፋል፣ ይገባና ጣቱን ወደ መስኮቱ ቀስሮ «ያንን ስጡኝ» ይላል። እህቴ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ትመልስለታለች።

«እሱ ናሙና ነው። ናሙና አይሸጥም። እንደሱ አድርጌ እሰፋልሃለሁ።»

ሥራውን የተከፋፈልነው ገና ስንከፍት ነበር። ታላቄ ትሰፋለች፤ እኔ ሳሩን እገዛለሁ፣ ቀለም እነክራለሁ፣ እሸጣለሁ። የመስኮቱን ቅርጫቶች የሰፋቻቸው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ስፌታቸው ከመጥበቁ የተነሳ ውሃ ይይዛሉ እያልኩ ለገዢ እፎክር ነበር፤ አንድ ቀን እሷ በሌለችበት ሞክሬ እውነት ሆኖ አገኘሁት። መስኮቱ ፀሐይ የሚያገኘው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ በአንድ ጎናቸው ቀዩ ሮዝ፣ ጥቁሩ ቡናማ ሆኗል። ላዞራቸው ስል ትቆጣኛለች።

«እትዬ፣ ሽጪያቸውና ሌላ ስፊ» እላታለሁ። «ገዢ እኮ ልቡ ሲነሳሳ ነው። አንዴ ከወጣ አይመለስም።»

«አንቺ በአፍሽ፣ እኔ በእጄ» ትለኛለች። «ድርሻ ድርሻችንን እንያዝ።»

ያዘዘው ሰው ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ቅርጫቱን ተቀብሎ ያገላብጠዋል፣ ዓይኑን ወደ መስኮቱ ላክ ያደርጋል፣ «እሺ» ብሎ ይሄዳል። ሁለተኛ አይመጣም። እኔ መጠበቁ አስመርሮት ነው እል ነበር። ሰው መጠበቅ አይወድም፤ ይህን ከሱቅ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ገቢው ኪራዩን መሸፈን አቅቶት ወሩ ሲያልቅ እንደምንለቅ ለአከራዩ ከነገርነው በኋላ፣ ለሆቴል ዕቃ የሚገዛ ሰውዬ መጣ። ደልደል ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። መስኮቱ ሥር ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ።

«አዲስ ሆቴል እየከፈትን ነው» አለ። «በየክፍሉ እንዲህ ያለ አንድ አንድ እፈልጋለሁ። ከተስማማን ዓመቱን ሙሉ ሥራ አታጡም።»

አከራዩ ሱቁን ገና ለሌላ ሰው አልሰጠም። ሮጬ ሄጄ «ሐሳባችንን ቀይረናል» ብዬ ብነግረው ይበቃ ነበር።

«በቅርብ የተሰፋ ካለ ልየው» አለ ሰውዬው።

እኔ ከመደርደሪያው ትናንት ያለቀውን አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። እሱ ደግሞ ሳይጠይቅ አንዱን ናሙና አንስቶ ከጎኑ አስቀመጠው።

በዚያ ሁሉ ዓመት ሁለቱን ጎን ለጎን አይቼ አላውቅም። አንዱ መስኮት ላይ፣ ሌላው መደርደሪያ ላይ ነው የሚኖሩት። በናሙናው ዙሮች መሐል ጥፍር አይገባም። በአዲሱ ግን እዚህም እዚያም የውስጡ ሳር ይታያል፤ ክዳኑ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል፤ ጌጡ ሦስት ማዕዘን ሊሆን ተነሥቶ ጫፉ ላይ ሲደርስ ጠፍቶበታል።

ሰውዬው ላለማስቀየም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይቺ የልጅዎ ሥራ ናት፣ እናቴ?»

እህቴ ልጅ የላትም። ፈገግ አለች።

«አዎ። ገና እየለመደች ነው።»

«ጎበዝ ናት፣ ትደርሳለች። የኔን ግን እርስዎ ራስዎ ነዎት የሚሰፉልኝ።»

ቀኝ እጇን ቀስ ብላ ሹራቧ ውስጥ ስታስገባ አየኋት። አውራ ጣቷ መገጣጠሚያው ላይ አብጦ ነበር።

«አልችልም» አለችው። «እየዘጋን ነው።»

«ግዴለም፣ እጠብቃለሁ።»

«አይጠብቁ፣ ልጄ።»

ሰውዬው እንደወጣ በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከቆየ። ወስፌውን የምይዘው በጨርቅ ጠቅልዬ ነው።»

«ታዲያ ምናለ ብትነግሪኝ?»

«ብነግርሽ ናሙናዎቹን ትሸጫቸው ነበር። ከዚያ ሰው ምን አይቶ ይገባል?» ወስፌዋን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። «እነሱን አይቶ የገባ ሁሉ ሌላ ነገር ይዞ ወጣ። አታለልኩት።»

«ማን ከሰሰሽ?»

«ዓይናቸው።»

በማግስቱ አከራዩ ሱቁን ለስልክ ጠጋኝ ሰጠው። እኛ ዕቃ መጠቅለል ጀመርን። እህቴ ናሙናዎቹን አንድ በአንድ አውርዳ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለቻቸው። ለሆቴሉ ሰውዬ እንስጣቸው ብላት «ባለቤት አላቸው» አለችኝ። ለካ እነሱን አይተው ያዘዙትን ሰዎች በልቧ ይዛቸው ኖሯል። ላላ ያለውን ተቀብላ ናሙናውን ልትሰጣቸው ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ከኛ ሁለት በር አልፎ ወዳለችው ልብስ ሰፊ ነው። ያ ከኛ የወሰደችው ቅርጫት ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጧል። በእጅ ወዝ ጠቁሯል፤ እጀታው በቁራጭ ጨርቅ ታስሯል፤ መቀስ፣ ጠመኔና አዝራር ሞልቶበታል።

«ውይ እትዬ፣ ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች! ምን ይዘሽ ነው?»

«የአንቺን አላልቼ ሰፍቼብሻለሁ» አለች እህቴ። «የሚገባሽ ይሄ ነው። ያንን መልሺልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሳቀች። «እሱን? ሞቼ ነው የምሰጥሽ! ስንቴ ከጠረጴዛ ወድቆ አንድ አዝራር አልፈሰሰኝም።» ናሙናውን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ቶሎ መለሰችው። «ይሄንንማ የት አባቴ አደርገዋለሁ? በነካሁት ቁጥር እጄን ልታጠብ ነው? ይሄ እኮ የሚታይ ነው፣ የሚያዝ አይደለም።»

ሴትዮዋ ፔዳሉን ረገጥ ረገጥ አድርጋ ቆም አለች።

«እውነቴን ልንገርሽ? ለእህቴም እንደኔው ያለ ላዝዝሽ ስንቴ መጥቻለሁ። ደጃፉ ላይ ስደርስ መስኮቱን አይና፣ ይቺ ሴትዮ አሁን የምትሠራው እንዲህ ያለ ነው፣ ለኔ ቢጤ ጊዜም የላት እላለሁ። እግሬ ይመለሳል።»

እህቴ ጎንበስ ብላ አሮጌውን ቅርጫት ነካችው። በጥፍሯ የላላውን ዙር ተከትላ ሄደች፤ አንዱ ክፍተት ላይ ጥፍሯ ገባ።

«ይኸው ላልቷል» አለች።

«ላልቷል» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ግን ይይዛል።»

ስንወጣ እህቴ ናሙናውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋው ነበር። ቀጥሎ ልንሄድ ያሰብነው ወደ መድኃኒት ቤቷ ሴት ነው፤ መንገዱን ልሻገር ስል ቆመች።

«እኔ አልሄድም።»

«ለምን? እሷም እኮ አዝዛሻለች።»

«እሷም ላላ ያለውን የወደደችው ከሆነስ? ታዲያ ለምን ዘጋን?»

ወደ ሱቁ ዞርን። ስልክ ጠጋኙ በባዶው መስኮት ላይ ወረቀት ሲለጥፍ ከሩቅ ይታየን ነበር።